ከመፃጉዕ ሰንበት በኋላ

ዛሬ ምክንያቱን በውል ሳላውቀው ልቤ ከብዶኝ ዋለ። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት የጸሎት ሕይወቴን ለማደስ ስወስን በሐሳቤ የነበረው ማለዳ ተነሥቶ መቆም፣ ስግደቱን ማብዛት፣ ከዳዊትም የዕለቱን ሳያስታጉሉ መድገም ነበር። ይህ ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን እየተደረገ ነው፤ ሆኖም ጾሙ ከተጋመሰ ወዲህ እየተፈተንሁ ያለሁት በሰዓቱም በስግደቱም ሳይሆን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ በማውቀው በአባታችን ሆይ ነው።

ድሮ በአንድ ትንፋሽ የምወጣውን ጸሎት ሰሞኑን ከእያንዳንዱ ልመና በኋላ ጥቂት ቆም እያልሁ አደርሰዋለሁ። «ስምህ ይቀደስ» ስል ልቤ አብሮኝ ነው፤ የዕለት እንጀራንም ያለ ጭንቀት እለምናለሁ። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ከሚለው ስደርስ ግን የበደለኝ የዚያ ሰው ፊት ድቅን ይልብኛል፣ ድምፄም ይዝላል። ማንን ማለቴ እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ትናንት ማታ ማቴዎስ ምዕራፍ 6ን ገልጬ ሳነብ አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ጌታ ጸሎቱን አስተምሮ እንደ ጨረሰ ወዲያው ተመልሶ ያብራራው ይህንኑ ልመና ብቻ ነው፤ ቁጥር 14 እና 15 ሰውን ይቅር የማይል ይቅርታን እንደማያገኝ ይናገራሉ፣ ቁጥር 16 ደግሞ ወደ ጾም ይሻገራል። ስለዚህ ከጸሎቱ ወደ ጾሙ የሚያልፍ ሰው በይቅርታ በኩል ሳያልፍ ሌላ መንገድ የለውም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ጾሙን ከጀመርሁ ሳምንታት አልፈውኛል።

መፃጉዕ (ሕመምተኛ) የሚባለው የጾሙ አራተኛ ሰንበት ወንጌል ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የታመመውን ሰው ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ሰውየው እወዳለሁ አላለም፤ ቀድሞ የወረደበትን የሚፈውሰው ውኃ ሲናወጥ የሚያኖረው ሰው እንደሌለውና ሌላው እየቀደመው እንደሚወርድ ተናገረ። ይህን መልስ ብዙ ጊዜ እንደ ድካም ስንቈጥረው እሰማለሁ፤ እኔ ግን አሳዘነኝ እንጂ አላስወቀሰኝም፣ ሰውየው የተናገረው እውነት ነውና። በእርግጥም ቀድመውታል፤ በእርግጥም ሰው አልነበረውም። ጌታም ብሶቱን ሐሰት ነው አላለውም፣ የቀደሙትንም ጠርቶ አላስጠየቃቸውም፤ «ተነሣና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» አለው እንጂ።

የእኔም ቅሬታ እውነት ነው። መበደሌን ማንም ቢመዝነው የሚያገኘው ነው፤ ለዚህም ነው ጥያቄው በእኔ ላይ የሚጸናው። የዚያ ሕመምተኛ ፈውስ የቀደሙትን ሰዎች ንስሐ አልጠበቀም። እኔ ግን ያ ሰው አንድ ቀን ደጄ መጥቶ «በድዬሃለሁ» እስኪለኝ ድረስ ልቤን ዘግቼ የምቆይ ከሆነ፣ በየማለዳው ቆሜ የምለምነው መዳንን ነው ወይስ ፍርድን? «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ጌታ ዛሬ ማታ ቢጠይቀኝስ፣ የበደለኝን ሰው ስም ሳላነሣ እወዳለሁ ለማለት እችላለሁን?