በኢታኖል የተቀላቀለ ቤንዚንና የአባቴ ዲኤክስ

በ2003 ክረምት የአባቴ ዲኤክስ ኮሮላ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ጠፋችብኝ። ዝናቡ ይወርዳል። ከኋላዬ ታክሲዎች ጥሩንባ ይነፋሉ። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ይነሳል፣ ነዳጅ ስሰጠው ተንተፋትፎ ይሞታል። ሜዳ ላይ ደህና ነበረች። ዳገት ስትይዝ ብቻ ነው የምትጠፋው። ያኔውኑ ይህን ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ሦስት ወር ባልተንከራተትኩ።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል የሚባል አልኮል መቀላቀል የተጀመረው በ2001 ነው። በ2003 ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ኢታኖሉን የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ፣ ከስኳር ተረፈ ምርት፣ ነበር የሚያወጣው። ሐሳቡን ያኔም ደግፌዋለሁ፣ ዛሬም እደግፈዋለሁ። በዶላር በምንገዛው ቤንዚን ውስጥ ትንሽም ብትሆን የራሳችን ስትገባ ደስ ይላል። የሚያናድደኝ፣ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ማንም አለመናገሩ ነው።

የመጀመሪያው ጋራዥ ካንዴላ ቀየረልኝ። ለውጥ የለም። ሁለተኛው "ካርቡሬተሩ አልቋል" አለኝ፣ ነዳጁን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ዕቃ ማለት ነው። አባቴ ከ20 ዓመት በላይ የነዳበትን ኦሪጅናል ካርቡሬተር አስፈታሁና ሌላ ገዝቼ አስገባሁ። "አሮጌው ምን ያደርግልሃል፣ ተወው" ሲለኝ ተውኩለት። ለአንድ ሳምንት ጥሩ ሄደች። ለካ መካኒኩ በዚያው እግረ መንገዱን ፊልትሮውን፣ የነዳጅ ማጣሪያውን፣ በአየር ነፍቶት ኖሯል። በሳምንቱ ያው ዳገት ላይ ቆመች።

የቀዳሁበት ማደያ ሄድኩ። ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "መንግሥት የፈቀደው ነው" አለኝ። ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለው መሥሪያ ቤትም ሄድኩ። ከቢሮ ቢሮ ሲያዟዙሩኝ ውለው በመጨረሻ አንዲት ባለሙያ "እስከ 10 በመቶ ድረስ መኪናው ላይ ምንም ማስተካከያ አያስፈልግም" አሉኝ። መኪናዋ የስንት ዓመት እንደሆነች አልጠየቁኝም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። መልሱ ለአዲስ መኪና ትክክል ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው 10 በመቶ ኢታኖል አለው፣ ቨርጂኒያ ያለው የአጎቴ ልጅ ዓመቱን ሙሉ እሱን እየቀዳ ይሠራል። የኛ ከተማ ግን ያኔ በካርቡሬተር የሚሄድ ዲኤክስ የሞላበት ነበር።

ነገሩን የፈቱልኝ ጎረቤታችን ናቸው፣ በጡረታ ላይ ያሉ የድሮ መካኒክ። "አንተ ልጅ፣ ሞተሩን ተወውና ከታንኩ ሥር ቅዳልኝ" አሉኝ። በባዶ ሃይላንድ ቀዳሁና ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀመጥነው። ጥቂት ቆይተን ስናየው ጠርሙሱ ውስጥ መስመር ወጥቷል። ከላይ ጥርት ያለ ቤንዚን። ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ድፍርስ ነገር፣ ግርጌው ላይ ቀይ የዝገት ደቃቅ ተኝቶበታል። ዝም ብዬ አየሁት። ስንት ሰው ያገላበጣት መኪና፣ በሽታዋ ሃይላንድ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ቤንዚንና ውሃ አይዋደዱም። ኢታኖል ግን አልኮል ነው፣ ከሁለቱም ጋር ይስማማል። ውሃው ትንሽ ሲሆን ይዞት ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። 10 በመቶ ኢታኖል ያለው ቤንዚን ግን የሚሸከመው ውሃ ግማሽ በመቶ ያህል ነው፣ ሲበርድ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከዚያ ሲያልፍ አልኮሉ ቤንዚኑን ትቶ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ፖምፓው የሚስበው ደግሞ ከታች ነው። እኔ 10 ሊትር ብቻ ያላትን መኪና ክረምቱን ደጅ አቁሜያት ነበር። የታንኩ ክዳን ጎማ ተሰነጣጥቆ ውሃ ያስገባል። ለ10 ሊትር ገደቡ 50 ሚሊ ሊትር ነው፣ አንድ የቡና ሲኒ እንኳ የማይሞላ ውሃ! ንጹህ ቤንዚን ቢሆን ያቺ ሲኒ ታች ተኝታ ትቀር ነበር። እዚህ ግን በ10 ሊትሩ ውስጥ ካለው አንድ ሊትር አልኮል ብዙው አብሯት ሊወርድ ይችላል።

ዝገቱም የራሱ ምክንያት አለው። አልኮል ታንኩ ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተጋገረውን ቆሻሻ ያላቅቃል። ያ ሁሉ ተጠራርጎ ፊልትሮው ላይ ይከማቻል። ሜዳ ላይ ትንሽ ነዳጅ ስለሚበቃ አይታወቅም። ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ሲፈልግ ይታፈናል።

ታንኩን አስወርደን አጠብነው። ፊልትሮ፣ የነዳጅ ጎማዎችና የክዳኑ ጎማ ተቀየሩ። ከሰዓት በኋላ በራሴ ነድቼ ሽሮ ሜዳን ወጣሁ።

ስለዚህ ባለሙያዋ ምንም ቢሉ እኔ የምለው ይህን ነው። ካርቡሬተር ያላት መኪና ካለህ፣ ድብልቅ ከመቅዳትህ በፊት ታንኩን አሳጥብ። ፊልትሮውን መጀመሪያ ቀይረው፣ ከሁለትና ሦስት ሙሉ ታንክ በኋላ ደግመህ ቀይረው፣ ርካሽ ነው። ጥቁር የነዳጅ ጎማህን ጨመቅ አድርገህ እየው፣ ከለሰለሰ ወይም ከተሰነጠቀ ጣለው፣ ቤንዚን ካንጠባጠበ እሳት ነው። መኪናህን ለረጅም ጊዜ የምታቆም ከሆነ ሞልተህ አቁማት። "ነዳጅ በላብኝ" የሚለውን ግን አትስማ። ኢታኖል ከቤንዚን አንድ ሦስተኛ ያህል ያነሰ ጉልበት አለው፣ 10 በመቶ ሲገባ የምታጣው መንገድ 3 በመቶ ገደማ ነው። ጎማህ ንፋስ ሲያንሰውም ያን ያህል ይበላል።

የአባቴን ካርቡሬተር ላስመልስ ወደ ሁለተኛው ጋራዥ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ሸጦታል። ለማን እንደሆነ አያስታውስም። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን ሁለት ቅዳሜ ዞርኩት፣ አላገኘሁትም። አባቴ ሲጠይቀኝ እውነቱን ነገርኩት። "እንግዲህ" ብሎ ዝም አለ።