መብራት ሲመጣ እንጋግራለን

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እየኖርኩ እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች አቀርባለሁ። ድሮ ጳጉሜን ላይ ደብተር አውጥቼ የሚመጣውን ዓመት እጽፍ ነበር፤ በየትኛው ቀን ስንት እንጀራ እንደማወጣ፣ በየትኛው ወር ምን ዕቃ እንደምገዛ ሳይቀር። አሁን ያ ደብተር የለም። ያለ እሱ እንዴት ትሠሪያለሽ የሚለኝ ሰው ስለበዛ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የፈረሰው የማሽኑ ነገር ነው። በ2016 ማብቂያ ላይ የሊጥ ማቡኪያ ልገዛ ዋጋ ጠይቄ፣ እቁቤን አስልቼ ጨርሻለሁ። ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 አለፈ። ማሽኑም ከእቁቤ አቅም በላይ ሆነ። ዋጋው እስኪረጋ ብሩን ይዤ ከመጠበቅ ጥር ላይ አዲስ ጤፍ ሲገባ ጤፍ ገዛሁበት። ሊጡ ዛሬም በእጄ ነው የሚቦካው።

ነገሩ በደንብ የገባኝ ግን ከመብራቱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይጎትታል፤ ሱቆች በር ላይ የምታዩት ትንሽ ጄኔሬተር አይችለውም። መብራት ከሌለ እንጀራ የለም። እኔ ደግሞ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ ብዬ ለደንበኛ ቃል ሰጥቻለሁ። እሑድ ከሊጡ ቀንሼ ያበሰልኩትን አብሲት ጥዬ ሊጡ ኩፍ ብሎ ከባልዲው ሊወጣ ሲል መብራቱ እልም ይላል። ያ ሊጥ በነጋታው ኮምጥጦና ወርዶ ነው የሚገኘው፤ ቢጋገርም ዓይን የለውም።

ታች የሚኖሩት እማማ አንድ ቀን ባልዲውን ገልጠው አዩና «ልጄ፣ አብሲቱን ማን አስቸኮለሽ?» አሉኝ። የቦካ ሊጥ አብሲት እስካልገባበት ድረስ አንድ ቀን ተጨማሪ ይታገሳል። ላዩ ላይ የጠለለውን ቢጫ ውሃ ቀድቶ በንጹሕ ውሃ መተካት ነው፤ ኮምጣጣነቱ ይበርዳል። አብሲት ከገባ በኋላ ግን የሰዓታት ጉዳይ ነው። ስለዚህ አሁን የተለያየ ቀን የተቦኩ ባልዲዎች ጎን ለጎን አሉኝ፤ መብራት መኖሩን ሳላይ ለአንዱም አብሲት አልጥልም። መጣ ሲባል ከደረሰው ላይ ትንሽ ቀንሼ አብስዬና አቀዝቅዤ እመልሰዋለሁ። እስኪነሳ ምጣዱን በጎመን ዘር አስሳለሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ይሁን። ሚያዝያ ላይ ሊጡ ቶሎ ይደርሳል፣ ሐምሌ ላይ ብርዱ ያዘገየዋል፤ ይሄም በደብተር አይያዝም፣ ባልዲውን ከፍቶ ማሽተት ነው።

ከደንበኞቼ ጋር የምነጋገርበትም ተለወጠ። የቃሊቲው ምግብ ቤት ባለቤት «እህቴ፣ የነገው ይደርሳል?» ሲለኝ «ሊጡ ደርሷል፤ መብራት ካለ ጠዋት ሁለት ሰዓት በርህ ላይ ነኝ። እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ካልመጣ ግን ደውዬ እነግርሃለሁ፣ ከሌላ ትወስዳለህ» እለዋለሁ። ከሌላ ውሰድ ማለት መጀመሪያ ሆዴን ያመኝ ነበር። አንዷ ደንበኛ በዚህ ምክንያት ሄዳለች፤ አልተመለሰችም። የቀሩት ግን ቁርጡን ማወቁን ወደዱት።

ዘግይቶ ተጋግሮ ገዢ ያጣውን ቆራርጬ ጣሪያ ላይ ድርቆሽ አደርገዋለሁ። ውጭ አገር ለዘመድ የሚልክ ሰው አይጠፋም። ክረምት ላይ ጸሐይ ስለሌለ ይሄ መውጫ ይዘጋል፤ ያኔ ከታዘዘው በላይ አንድም አልጋግርም።

«ምንም አታቅጂ፣ የመጣውን ተቀበይ» የሚሉኝም አሉ። አብዛኞቹ ወር ጠብቀው ደመወዝ የሚቀበሉ ናቸው። እኔ የእቁብ ቀን አላሳልፍም፣ የልጆቼን ትምህርት ቤት ክፍያ ከሁሉ በፊት አስቀምጣለሁ፣ እርሾዬንም ለዕድል አልተውም፤ ግማሹ እማማ ቤት ነው ያለው። እነዚህ ካልተነኩ ሌላው እንደፈለገ ቢገላበጥ አያስደነግጠኝም። ደብተሩ ላይ እነዚህንም እነዚያንም እኩል ነበር የምጽፋቸው።

የሠርግ ትእዛዝ ብቻ ለብቻው ነው። ሙሽራ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም። ስለዚህ ገና ስንነጋገር የማገዶውን ሒሳብ ደጋሹ እንዲችል እጠይቃለሁ፤ እሺ ካለ በዋዜማው የነዋሪው የጋራ መገልገያ በሆነው ኮሚናል ውስጥ በእንጨት ምጣድ እንጋግራለን፣ ጭሱን ጎረቤት ቀድሞ እንዲያውቅ አደርጋለሁ። እንቢ ካለ ትእዛዙን አልቀበልም።