ያለ ድንኳን ያወጣነው አርባ

አሜሪካዊው ደራሲ ፖል ኦስተር የሞተው ሚያዝያ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ብሩክሊን፣ ቤቱ ውስጥ፣ በሳንባ ካንሰር፣ በ77 ዓመቱ። ለእኛ ሰሙነ ሕማማት ነበር፣ ማክሰኞ። ጅማ ላይ ወሬውን የሰማሁት በማግስቱ ነው። እናቴ ፊቴን አይታ ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ፣ የማነበው ደራሲ ሞተ አልኳት። መጀመሪያ ልጆች እንዳሉት ጠየቀችኝ። ቀጥላም በሕማማት ፍትሐት እንደማይደረግ፣ ሆሳዕና ዕለት ግን በሳምንቱ ለሚሞቱ ሁሉ አስቀድሞ እንደሚጸለይ አስታወሰችኝ። “ደርሶታል እንግዲህ” ብላ ወደ ስግደቷ ሄደች። ሰውየው ከአይሁድ ቤተሰብ መወለዱን አልነገርኳትም።

የእንዲህ ያለ ሞት ችግሩ ለቅሶ ቤት የሌለው መሆኑ ነው። ዕድር አይጠራ፣ ንፍሮ አይቀቀል። “እግዜር ያጥናህ” የሚልህ ቢገኝ እንኳ ለመቀበል ታፍራለህ፤ ሚስቱ ሲሪ ሁስትቬት እያለች አንተ ማነህ? ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፎ “ነፍስ ይማር” ማለት የሚበቃው ሰው አለ፣ አልነቅፍም። ለእኔ ግን በዚያ አልወጣልኝም። ሥራ ባጣሁበት ዘመን ብዙ ሌሊት ያመሸሁት ከዚህ ሰው ጋር ነው።

ስለዚህ አርባውን ላወጣለት ወሰንኩ። ስቆጥር ሰኔ 1፣ ቅዳሜ ላይ ዋለ። የአርባን ጥቅም ያወቅኩት ያኔ ነው። በሦስተኛው ቀን ቢሆን ኖሮ ከማድነቅ በቀር የምለው አልነበረኝም፤ እስከ አርባው ድረስ ግን ያሉኝን መጻሕፍት በታተሙበት ቅደም ተከተል እንደገና አነበብኩ። ስሙን ያስጠራው የመጀመሪያው የስድ ንባብ መጽሐፉ አባቱ በ1979 እ.ኤ.አ. በድንገት ከሞቱ በኋላ የተጻፈ ነው። በ2023 የወጣው የመጨረሻው ልብ ወለድ ደግሞ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ታሪክ ነው። በኀዘን ጀምሮ በኀዘን የጨረሰ ሰው ነው ማለት ነው። ተለያይተው ሲነበቡ ይህ አይታይም።

የጠራኋቸው ጥቂት ናቸው፦ ነርስ የሆነች የአክስቴ ልጅ፣ በርጩማና አልጋ የሚሠራ አናጺ ጎረቤቴ፣ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ቡናውን ልታፈላልን የመጣች ጎረቤታችን። ከመምህሩ በቀር ኦስተርን ያነበበ የለም። አናጺው ሙስሊም ነው፤ “እኛ አርባ የለንም፣ ለቡናው ግን እመጣለሁ” ብሎ መጣ።

እንግሊዝኛ እያነበብኩ ላስተኛቸው አልፈለግኩም። የትውልድ ዘመንና የሽልማት ዝርዝርም አላዘጋጀሁም። ሁለት ታሪክ ብቻ በቃሌ ነገርኳቸው። አንዱ የስልኩ ነው፦ የማያውቀው ሰው ደውሎ የግል መርማሪዎች ቢሮ መሆኑን ይጠይቀዋል፤ ተሳስተሃል ብሎ ይዘጋል። በማግስቱም ያው ሰው ይደውላል። ኦስተር ስልኩን ከዘጋ በኋላ “አዎ፣ ነው ብለው ኖሮስ?” እያለ ያሰላስልና ከዚያች ሐሳብ ልብ ወለድ ይወጣል። ሌላው በ14 ዓመቱ የደረሰበት ነው፦ ክረምት ላይ ልጆች ካምፕ ወጥተው ዝናብ ይይዛቸዋል፤ በሽቦ አጥር ሥር እየተሳቡ ሲያልፉ ከፊቱ የነበረውን ልጅ መብረቅ ይገድለዋል። ይህን ስናገር ውጪው የጅማ የሰኔ ዝናብ ነበርና ሁሉም አንዴ ወደ ጣሪያው አየ። ከዚያ በኋላ እኔ መናገር አላስፈለገኝም፤ እያንዳንዱ የራሱን ተሳስቶ የተደወለ ስልክ፣ የራሱን መብረቅ አወጣ።

ቶናው ሲቀዳ አናጺው “ያጨስ ነበር?” አለ። ለብዙ ዓመታት፣ ትንንሽ ሲጋር፣ አልኩት። እሱ ራሱ ከዎርክሾፑ በር ላይ ሲጋራ አይለየውም። የአክስቴ ልጅ ስብከት አልጀመረችም፤ የምታውቀውን ነገረችን። ሳንባ መጀመሪያ ላይ ብዙም አያምም፣ ለዚህ ነው ዘግይቶ የሚገኘው። የማይለቅ ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ መክሳት፣ እነዚህ ሁሉ የቲቢም ምልክት ስለሆኑ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው። ያቆመ ሰው በአሥር ዓመት ውስጥ በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድሉ ካላቆመው ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ይወርዳል። የማያጨስንም ይይዛል፤ የማገዶ ጭስ ራሱ ይጠረጠራል። ይህን ጊዜ ቡና አፍይዋ “እኛንም ጨመርሽን?” አለቻት። አናጺው ሁሉንም በጥሞና ሰምቶ በረንዳ ወጥቶ አጨሰ። አንድ ማታ በቂ ነው ብዬ ያሰብኩበት ጊዜ የለም፤ ቢሆንም ይህን ጥያቄ ክሊኒክ ሄዶ ይጠይቅ ነበር ብዬ አላምንም።

በበረካ ላይ መምህሩ “ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ እኔ ሰውየውን አልወደውም” አለ። እንዲመጣ የፈለግኩት ለዚህ ነበር። ታሪኩ መላ ሲያጣ አጋጣሚ ይልክለታል፣ ሁሉም ገጸ ባሕርይ ራሱ ደራሲው ነው፣ ሴቶቹ እንደ ጥላ ያልፋሉ ሲል ዘረዘረ። ስለ ሴቶቹ ብዙም አልተከራከርኩም። በአጋጣሚው ላይ ግን ከረርኩ፤ ከፊቱ ልጅ በመብረቅ የሞተበት ሰው አጋጣሚን ቢያምን ምን ይደንቃል? አናጺው ከእኔ ጋር ሆነ፣ አንድም ገጽ ሳያነብ። መምህሩ “ሕይወት ላይ ይሁን፣ ልብ ወለድ ላይ ግን ደራሲው ይጠየቅበታል” ብሎ አልበገር አለ። እናቴ ከጓዳ ሆና ለቅሶ ቤት እንዲህ አይጮኽም ስትል ሰማናት።

ክርክሩ አላለቀም። መምህሩ ነጥቡን በማስረጃ ላሳይህ ብሎ የመጨረሻውን ልብ ወለድ ይዞ ሄዷል፤ እስካሁን አልመለሰም።