የእትዬን በር ያንኳኳሁባት ሌሊት

ጌታ ይባረክ። ይህን ምስክርነት ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት እሱ ያውቃል። ያቺን ሌሊት ሳስብ ዛሬም እጄ ይንቀጠቀጣል። ግን ዝም ማለት ከበደኝ።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ የጅቡቲ መስመር ነበር የሚሠራው። ሊወጣ ሲል እጄን መሪው ላይ ጭኜ ሳልጸልይ ሞተር አያስነሳም። ግንቦት 2014 እንደ ልማዳችን ጸልየን ወጣ። መኪናው ተገለበጠ። ሚጣ ሦስት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ነበር የቀራት።

ድንኳን ተጣለ። ወገኖች መጡ፣ ዘመሩ፣ ቃል አካፈሉ። የተነበበው 1ኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 4 ነበር። "ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ" ይላል። ለቅሶ የደረሰው ሁሉ እየተቀበለ "አይዞሽ፣ ጌታ ይመጣል፣ ትገናኛላችሁ" ይለኛል። እኔ አሜን እላለሁ። ውስጤ ግን ሌላ ነበር። "መምጣቱ ካልቀረ ያን ቀን መንገዱ ላይ ለምን አልመጣም?" እል ነበር። እግዚአብሔርን ተቀየምኩት። ላሳምረው ብል ውሸት ይሆንብኛል። መጽሐፍ ቅዱሴን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። ኅብረት መሄድም ተውኩ።

እትዬ ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብለው ነው የሚኖሩት። የሰፈራችን ኅብረት ረቡዕ ረቡዕ ማታ እሳቸው ቤት ነው። በቀረሁ ቁጥር ነጋታውን በሰሃን ንፍሮ ወይ ቁራሽ ድፎ ዳቦ ይልኩልኛል። ከሰሃኑ ሥር ብጣሽ ወረቀት አለ። በዚያ በሚንቀጠቀጥ ጽሕፈታቸው "ማራናታ" ተብሎ ተጽፎበታል፤ "ጌታችን ሆይ፥ ና" ማለት ነው። ሌላ ነገር የለበትም። አንድም ቀን "ለምን ቀረሽ" አላሉኝም። ዳቦውን ለልጄ አበላለሁ፣ ወረቀቱን እጥላለሁ። አሥራ አራት ወር እንዲህ ሄደ።

ሐምሌ 2015 ነው። ሚጣ ሦስት ቀን አስሏትና አተኩሷት ነበር። ሽሮፕ ተሰጥቷታል። የዚያን ዕለት ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራት ጠፍቷል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አንድ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። የሚያቃስት ድመት መሰለኝ። የልጄ ትንፋሽ ነበር።

የስልኬን መብራት አበራሁባት። አፍንጫዋ ይከፈታል ይዘጋል። ልብሷን ገለጥኩ። በተነፈሰች ቁጥር ከጎድን አጥንቷ ሥር ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከንፈሯ ጠቁሯል። "ሚጣ!" ስላት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ከደነችው።

ወዴት እንደምሮጥ አላሰብኩም። እግሬ ወሰደኝ። በባዶ እግሬ፣ ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ የእትዬን ቆርቆሮ በር በጡጫ ደበደብኩት። አሥራ አራት ወር ያልረገጥኩት ደጅ ነው። "ማነው?" እንኳን አላሉም። ወጥተው ልጅቷን አዩና "ቆይ ነጠላዬን" አሉ። በዚያው ስልክ ይደውላሉ። ሳንዘገይ የኅብረቱ ወጣት ዝናቡ ውስጥ ሮጦ ላዳ ይዞ መጣ። የላዳው ሹፌር ማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ሂሳብ ስንሰጠው "ልጅቷን አድኑ" ብሎ ሄደ። ወንድሜ፣ የትም ሁን፣ ጌታ ዘመንህን ይባርክ።

የመጀመሪያው ቦታ ኦክስጅን ያለው አልጋ የለም አሉን። በር ላይ ነው የመለሱን። ሁለተኛው ቦታ ገባን። እዚያ ደግሞ ማስያዣ ተጠየቅን፤ እኔ ቦርሳም አልያዝኩ፣ ጫማም አላደረግኩ። እትዬ እንደገና ደወሉ። ከኅብረታችን አንዷ እህት ለቤት ኪራይ ያስቀመጠችውን ብር በስልኳ አስተላለፈች። የኪራይ ብር መሆኑን ያወቅኩት ከወር በኋላ ነው። እህቴ፣ አንቺ ስምሽ እንዲጠራ አትወጂም፤ እሱ ግን ጽፎታል።

ነርሷ ሚጣን አስተኝታ ጣቷ ላይ ትንሽ መለኪያ ሰካችባት። ቀይ ቁጥር በራ። 78። "ስንት መሆን ነበረበት?" አልኳት። "ከዘጠና በላይ" አለችና ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ሳንባ ምች ነው አሉ፣ ከባድ። መርፌ ተወጋች። ከዚያ "ጠብቁ" ተባልን።

መጠበቅ ምን እንደሆነ ያን ሌሊት አየሁት። ዓይኔን ከዚያ ቁጥር ላይ አላነሳም። 81። 84። ደስ ሊለኝ ሲል 80። አንዴ ማሽኑ ጮኸ፤ ልቤ ቀጥ አለ። ነርሷ ሮጣ መጥታ መለኪያው ከጣቷ ወልቆ ነው ብላ መለሰችው።

ከክፍሉ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ወደቅኩ። ያን ጊዜ ነው የጸለይኩት። ጸሎት ከተባለ። "አንዱን ወሰድክ። አሁን ይቺንም ልትወስድ ነው? የት ነው ያለኸው?" ብዬ ጮህኩ። ሰው ይሰማል አላልኩም። እትዬ መሬቱ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ፤ የሚያማቸውን ጉልበታቸውን ዘርግተው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። "ማርታም ብላዋለች" አሉኝ። "ጌታ ሆይ፥ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር ብላዋለች። አልተቆጣትም። በኋላ ከእህቷ ጋር አለቀሰ እንጂ።"

ትንሽ ዝም አሉና፣ "እኔ ዛሬ አላጽናናሽም። አብሬሽ እጠብቃለሁ" አሉኝ።

ከዚያ መዘመር ጀመሩ። መዘመር ካልኩ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ከትንፋሽ ያልበለጠ ድምፅ ይወጣል። የምጽአት መዝሙር ነው፤ ልጅ ሆኜ የሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኩት። እንዲህ አድርጎ መዘመር የት ተማሩ ብዬ ጠየቅኳቸው። ደርግ ዘመን አሉኝ። ጥር 1974 የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ እትዬ ወጣት ነበሩ። ሕንፃው ተወረሰ፣ መሪዎቹ ታሰሩ። ምእመኑ በየቤቱ አምስት ስድስት እየሆነ መሰብሰብ ጀመረ። አንድ በአንድ፣ ሰዓት እየለያዩ ይገባሉ። ጫማ ደጅ አይተውም። የተኮለኮለ ጫማ ያየ ጎረቤት ስብሰባ አለ ብሎ እንዳያሳብቅ፣ እያንዳንዱ ጫማውን ይዞ ይገባና ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። በሹክሹክታ ይዘምራሉ። ሲለያዩ "ማራናታ" ይባባላሉ። "ያኔ ጌታ ዛሬ ማታ ይመጣል ብለን ነበር የምንጠብቀው" አሉኝ። "ብቻዬን ብሆን ኖሮ ግን አንድ ወርም አልጠብቅም ነበር።" ስትዘጋ አምስት ሺህ ያህል አባላት የነበራት ቤተ ክርስቲያን በ1983 በሯ ሲከፈት ከ30 ሺህ በላይ ሆና ወጣች።

ይህን ሁሉ በሹክሹክታ እየነገሩኝ ሌሊቱ ይሄዳል። ያ ላዳ የጠራው ወጣት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ይጸልያል። ሌሎች ሁለት እህቶች በዝናብ መጥተዋል፤ አንዷ ለእኔ ጫማ ይዛ። ማን ነገራት? "እነሆ፥ እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም" የሚለው ቃል ሳልጠራው መጣ። ያን ሌሊት ያልተኙትን ዞሬ አየኋቸው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ነርሷ በሩን ከፈተች። ፊቷን አይቼ ጉልበቴ ከዳኝ። "ነይ እይ" አለችኝ። 92። ቆዳው መሰርጎዱን ትቷል። ከንፈሯ ቀልቷል። እጇን ስይዛት ዓይኗን ገለጠችና "እማዬ፣ ውሃ" አለችኝ።

እልል አልኩ። ሆስፒታል መሆኑንም ረሳሁት። ነርሷ ዝም በይ አላለችኝም፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዓይኗን ጠረገች። መድኃኒቱም ኦክስጅኑም የዚያች ነርስ እጅም ከእሱ ነው። "ልቅሶ ማታ ይመጣል፥ ጥዋት ግን ደስታ ይሆናል።" ስሙ ይባረክ!

በስድስተኛው ቀን ወጣን።

ባሌ አልተመለሰም። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ እንደኔ ላዘነ ሰው ታማኝ አልሆንም። ለምን እሱ ሄዶ እሷ ቀረች? አላውቅም። ከዚያ ሌሊት በኋላም ያለቀስኩባቸው ቀናት ነበሩ። ግን መጽሐፍ ቅዱሴን ከቁም ሳጥን አወረድኩት፣ መጀመሪያም የገለጥኩት ያንኑ 1ኛ ተሰሎንቄ 4 ነው። እትዬ አብረውኝ አነበቡት። የተሰሎንቄ ሰዎች ካመኑ ገና ብዙም አልቆዩም ነበር። ጌታን ሲጠብቁ ሰው ሞተባቸው፤ የሞቱት ይቀሩብን ይሆን ብለው ተጨነቁ። ጳውሎስም አታልቅሱ አላላቸውም። የድንኳኑ ቀን የተነበበልኝ ይኸው ነበር፤ መጨረሻውን ግን አልሰማሁትም። "ስለዚህ እርስ በርሳችሁ በዚህ ቃል ተጽናኑ" ይላል። እርስ በርሳችሁ። ቃሉ ያን ሌሊት ነጠላ ለብሶ፣ ጉልበቱን እያመመው፣ ኮሪደር ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

አሁን የእትዬ ጉልበት ብሶባቸዋል፤ ቤታቸው ሰው ማስተናገድ ከብዷቸዋል። ስለዚህ ረቡዕ ኅብረቱ እኔ ቤት ነው፣ ወጣቶቹ ደግፈው ያመጧቸዋል። ሚጣ ትምህርት ቤት ገብታለች። ሥራዋ በሩ ላይ ቆማ የሰውን ጫማ ጥንድ ጥንድ እያደረገች መደርደር ነው። ደጅ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ። እትዬ ሲገቡ ሁልጊዜ ቆም ብለው ያንን ሰልፍ ያዩታል።

ባለፈው ረቡዕ ሚጣ የአባቷን ፎቶ ይዛ መጣችና፣ "እትዬ፣ ጌታ ሲመጣ አባቢም አብሮ ነው የሚመጣው?" አለቻቸው።

"አብሮ ነው" አሏት። "እንዲሁ ተጽፏል።"

"እንግዲያው ለሱም ቦታ ልተውለት" ብላ ወጣች። ከጫማዎቹ መካከል አንድ ጥንድ የሚያህል ቦታ ለቀቀች። እኔም አልዘጋሁትም። ማራናታ።