ሻይ የሆነብኝ ኦክ

ሱሉልታ በሐምሌ እንጨት ቀለም የሚቀባበት አገር አይደለም። እኔ ግን የጀመርኩት በሐምሌ ነው፤ ፈቃድ የወጣሁት ያኔ ስለሆነ።

መኪናዋ በፈረንጆቹ 1974 የተሠራች ቮልስዋገን ኮምቢ ናት። አልጋ፣ ቁም ሳጥንና የሻይ ማፍያ የምታህል ማዕድ ቤት አላት፤ ውስጧ ሁሉ ኦክ የሚባለው የፈረንጅ እንጨት ነው። ግቢ አስገብቼ ሳቆማት ጎረቤቴ «ዶሮ ልታረባባት ነው?» ብሎኛል።

አሮጌው ቫርኒሽ ቅርፊት ቅርፊት እያለ ስለነበር ፍቆ ማንሳቱ አልከበደኝም። የቀረውን እድፍ ግን በውሃና በድስት መፈተጊያ ሽቦ አሸሁት። በማግስቱ በሩን ስከፍት እንጨቱ ቀለም የተረጨበት ይመስል በጥቁር ነጠብጣብ ተሞልቷል። ሻጋታ መስሎኝ በረኪና ደፋሁበት። ንቅንቅ አላለም።

ዕድሜያቸውን ዋንዛና ጥድ ሲልጉ የኖሩ አናጺ ሰፈራችን አሉ። መጡና ስንጥር ቆርሰው አኘኩ።

«አፍ ይሰበስባል» አሉ።

«ጋሼ፣ እሱ ምን ማለት ነው?»

«ልጄ፣ እንጨትህ ሻይ ነው። የዛገ ምስማር ሻይ ውስጥ ክተትና ማታ እየው።»

ማታ ሻዩ ጠቁሯል። ሻይ ውስጥም ኦክ ውስጥም ያለው ታኒን፣ ያ አፍ የሚሰበስበው ነገር፣ ብረትና እርጥበት ሲያገኝ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ከሽቦው የረገፈችው ብናኝ ሁሉ አንድ ነጥብ ጥላብኛለች። ዋንዛ ላይ ቢሆን ይህን ያህል ባልተቀጣሁ።

ከመርካቶ የብረት እድፍ የሚያስለቅቅ ኦክዛሊክ አሲድ ገዝቼ በፕላስቲክ ሳህን ለብ ባለ ውሃ በጠበጥኩ። መርዝ ስለሆነ ጓንት አድርጌ፣ ልጆቹን ከግቢ አስወጥቼ ነው። ነጥቡን ብቻ ብነካው ቦታው ነጥቶ ስለሚቀር ሳንቃውን በሙሉ ቀባሁት። ጥቁረቱ ዓይኔ እያየ ለቀቀ። ደጋግሜ በውሃ አጠብኩት፤ የደረቀው አሲድ ሲፋቅ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው።

ቀጥሎ በ120፣ ከዚያ በ180 የብርጭቆ ወረቀት፣ የእንጨቱን መስመር ተከትዬ። እዚህ ላይ ቸኮልኩ። ኦክ ያልኩት ከአንድ ሚሊሜትር የቀጠነ ልባስ ኖሯል፤ የጠረጴዛው ጥግ ላይ ሥሩ ያለው ኮምፔንሳቶ ብቅ አለ።

ጋሼ የተልባ ዘይት ቀባው አሉኝ። በመሳቢያ ጀርባ ሞከርኩት፤ ሳምንት ሙሉ እጅ ይይዝ ነበር። በዚያ ብርድና እርጥበት ያልተፈላ ዘይት ቶሎ አይደርቅም። የቀባሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጬ አልጣልኩትም፣ ዘርግቼ አደረቅሁት፤ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ራሱ ሞቆ ይነዳል።

መስቀል አልፎ ፀሐይ ስትወጣ የዛጉትን ምስማሮች ነቅዬ በናስ ብሎን ተካሁ። ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ቀባሁ፣ የመጀመሪያውን በቲነር አቅጥኜ። ጥጉን አልነካሁትም፤ ረከቦት አስቀምጬበታለሁ።