ጥንቸሏ አልተመለሰችም

ከፊጂ ከተመለስኩ ሶስት ሳምንት ሆነኝ፣ እስካሁን ሌሊት እየባነንኩ የአንሶላ ጫፍ እቋጥራለሁ።

ሜልቦርን አብሮኝ የሚሰራ ፈረንጅ የሸራ ጀልባ አለው፣ ያሳዋ ደሴቶችን አብረን እንዙር አለኝ። እኔ ባህር ሲባል ላንጋኖ ትዝ የሚለኝ ሰውዬ! "ምንም አትሰራም፣ ወደ ዳር የምትወስደንን ትንሿን ጀልባ ብቻ ታስራለህ፣ ቪዲዮ እይ" አለኝ። አየሁ። ቋጠሮውን በተረት ነው የሚያስተምሩት፣ የገመዱ ጫፍ ጥንቸል ነው፣ ትንሿ ቀለበት ጉድጓድ፣ ረጅሙ ገመድ ዛፍ። ጥንቸሏ ከጉድጓዷ ትወጣለች፣ ዛፉን ትዞራለች፣ ጉድጓዷ ትመለሳለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ በጫማ ማሰሪያ በቻርጀር ገመድ በመጋረጃ፣ ሚስቴ "ጥንቸሏ ገባች?" ሳትል እራት አታቀርብም ነበር።

(በነገራችን ላይ ኢንስታግራም ላይ ሸራና ጀምበር እያያችሁ የምትቀኑ፣ የጀልባ ሽንት ቤት በእጅ ፓምፕ እንደሚገፋ ማንም አይነግራችሁም። ሀያ ጊዜ። ሌሊት ዘጠኝ ሰአት። ሁሉም እየሰማ።)

አንድ መንደር ደረስን። እዛ መልህቅ ጥለህ ዘለህ አትዋኝም፣ መጀመሪያ ሴቩሴቩ የሚባል እጅ መንሻ አለ፣ ኮፍያህን አውልቀህ ሱሉ የሚሉትን ሽርጥ አገልድመህ ከላውቶካ ገበያ የገዛኸውን ግማሽ ኪሎ የካቫ ስር (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ነው) ለመንደሩ አለቃ ታቀርባለህ። ደስ ይላል፣ እኛም ጋ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድ። ገመዱን የኮኮናት ዛፍ ላይ አሰርኩ፣ ጥንቸሏ ገባች፣ ጎተት አደረግኩት፣ ጥብቅ።

ካቫው ተበጥብጦ ቀረበ። መልኩ የክረምት ጎርፍ፣ ምላስ ያደነዝዛል። የሚቀዳው ሰውዬ "ሃይ ታይድ ወይስ ሎው ታይድ?" አለኝ። ሃይ ታይድ ባህሩ ሲሞላ ነው፣ ሎው ታይድ ሲጎድል። ስለ ባህሩ የጠየቀኝ መስሎኝ፣ ካፒቴኑ ጓደኛዬ ጠዋት ሲያወራ ሰምቼ ነበርና፣ እንደ አዋቂ "ሃይ ታይድ!" አልኩ። ለካ ቅሉን ሙላው ማለት ነው። አንዴ አጨብጭቤ "ቡላ" ብዬ (ሰላምታቸው ናት፣ የእንሰቱ አይደለም) ገለበጥኩ፣ ሶስቴ አጨበጨብኩ። ደግሞ ጠየቀኝ፣ አይ ይሄ ሰውዬ ባህሩን ወጥቶ አያይም እንዴ እያልኩ በትእግስት "ሃይ ታይድ" አልኩት። አራት ቅል!

ባህሩ እውነትም ሞልቶ ነበር። ውጪ ልጆች ሲስቁ ዞር ብል ጀልባችን ነጠላ ጫማዬን ጭና ወደ ጥልቁ እየሄደች ነው። ልጮህ ብል ምላሴ የለም፣ "ዠ... ዠ..." ብቻ። ሰባት አመት የሚሆነው ልጅ የሚበላውን ካሳቫ በጥርሱ ነክሶ ዋኝቶ አመጣት። ከዛ በአንድ እጁ ካሳቫውን እየበላ በአንድ እጁ አሰራት። ሁለት ሰከንድ! ጥንቸል የለ፣ ጉድጓድ የለ። ፊቴን አይቶ አዘነልኝ መሰለኝ ፈታውና ደግሞ ቀስ አድርጎ አሳየኝ። ሽማግሌዎቹ ሶስቴ አጨበጨቡ።

ካፒቴኑ አንድ ቃል አልተናገረም። ከዛ በኋላ ግን ገመድ ሳነሳ "ተወው፣ እኔ" ይለኛል። ፓምፑ ሲያስቸግር ነው የምጠራው።

ማታ ቪዲዮውን ደግሜ ከፈትኩት። ጥንቸሏ ምንም አላጠፋችም፣ ጉድጓዱን ነው ገልብጬ የሰራሁት።