ጫት ሲፈለግ የመጣው «ቻት»

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለኅብረተሰብ ጤና ተመራቂዎች የመረጃ ፍለጋ ሥልጠና እየተሰጠ ነው። ጫት መቃም በተማሪዎች የትምህርት ውጤት ላይ ያለውን ተጽዕኖ ሊያጠና የተነሣ ተማሪ ርዕሱን እንዳለ የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው ጉግል ስኮላር ላይ ጻፈ። ጫትን የጻፈው በለመደው መንገድ፣ በላቲን ሲ እና ኤች ጀምሮ ነበር። ገጹ በኢንተርኔት ቻትና በቻትጂፒቲ ጥናቶች ተሞላ።

«መምህር፣ በአገራችን የተሠራ የለም ማለት ነው። ፕሮፖዛሌ ላይም ‹ከዚህ በፊት አልተጠናም› ብዬ ጽፌአለሁ።»

«እስቲ ኮምፒውተሩን ተወውና ወረቀት አውጣ።»

ወረቀቱ በሦስት ዓምድ ተከፈለ፦ ጫት፣ ተማሪ፣ ውጤት። ብዙ የተደከመው በመጀመሪያው ዓምድ ነው። በኬ-ኤች የሚጀምረው አጻጻፍ፣ በኪው የሚጀምረው፣ ከዚያ ሳይንሳዊ ስሙ ካታ ኤዱሊስ ሰፈሩ። በሲ-ኤች የሚጀምረውም አይጣልም፤ የኛ አገር ተመራማሪዎች ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ግን ብቻውን አይገባም፤ «ቻት ቹዊንግ» ተብሎ በትእምርተ ጥቅስ ይታሰራል። በሁለተኛው ዓምድ «ስቱደንት» እና «ኮሌጅ»፣ በሦስተኛው «ፐርፎርማንስ»፣ «አቺቭመንት»፣ «ጂፒኤ» ተጻፉ።

የአንድ ዓምድ ቃላት በ«ኦር» (ወይም) ይያያዛሉ፤ ዓምዶቹ እርስ በርስ በ«ኤንድ» (እና)። ሁለቱም በትልልቅ ፊደላት ቢጻፉ ይሻላል፤ ስኮላር «ኦር»ን በትንንሽ ፊደል ካገኘው እንደ ትእዛዝ አይቆጥረውም። እያንዳንዱ ዓምድ በቅንፍ ይዘጋል። ቅንፍ ከተረሳ የሕክምናና የጤና ጥናቶች ቋት የሆነው ፐብሜድ ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ ይሄዳልና መጨረሻ ላይ በ«ኦር» የተንጠለጠለው «ጂፒኤ» ጫትን ያነሣም ያላነሣም ጽሑፍ ይጎትታል። ሌላም አለ፦ ቃሉን ከነእርባታው የሚያመጣው የኮከብ ምልክት ፐብሜድ ላይ ከፊቱ ቢያንስ አራት ፊደል ይፈልጋል፤ ስኮላር ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም።

ትእምርተ ጥቅስ የወደደች አንዲት ተማሪ ፐብሜድ ላይ ሁሉን ቃል አሠረችና ውጤቷ መነመነ። ያልታሠረውን የጫት ቃል ፐብሜድ በራሱ «ካታ» ከሚለው የርዕስ መዝገብ ጋር ያገናኘዋል፤ ጥቅሱ ይህን ያቋርጣል። ጥቅስ የሚያስፈልገው ቻት ቹዊንግን ለመሰለ አሳሳች ሐረግ ነው።

የዓመቱ ነገር ደግሞ ያስቃል። «ያለፉት አምስት ዓመታት» ለማለት 2012 ብሎ የሞላ ነበር። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን 2012 ስለሆነ ከሚፈልገው ዘመን በፊት የወጣ የሰባትና የስምንት ዓመት ጽሑፍ ጨመረለት።

የደራሲ ስምም እንዲሁ ያምታታል። መረጃ ቋቶቹ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚይዙ፣ አበበ ከበደ የሚባል ሰው የሚገኘው «ከበደ ኤ» ተብሎ ነው። አንዳንዱ መጽሔት ገልብጦ ያስገባል፤ ስለዚህ «አበበ ኬ»ም ይሞከራል።

ልጁ ቅንፎቹን ዘግቶ ዳግመኛ ሲፈልግ ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ ጥናቶች ተደረደሩ። አንዱን መርጦ፣ ከሥሩ ያለውን የጠቀሱትን ጽሑፎች ዝርዝር ተጭኖ ወደ አዳዲሶቹ ተሻገረ። በክፍያ የተዘጋውን «ሁሉም ቅጂዎች» የሚለውን ከፍቶ ነጻ ፒዲኤፍ ፈለገለት፤ ያጣውን በቤተ መጻሕፍቱ በኩል፣ ለታዳጊ አገራት ተቋማት የጥናት ጽሑፎችን በነጻ ወይም በቅናሽ ከሚያቀርበው ከሪሰርች ፎር ላይፍ ሊያወርድ ያዘው።

ከዚያ ፕሮፖዛሉን ከፈተና «ከዚህ በፊት አልተጠናም» የምትለዋን ሰረዘ። በወረቀቱ ጀርባ የፍለጋውን ሐረግ ከነቅንፉ፣ የመረጃ ቋቱን ስም፣ ቀኑንና የውጤቱን ብዛት ገለበጠ። አማካሪው መጠየቁ አይቀርም።